ለድምፅ ሌቨል ማሳያ ሎግ አምፕ፦ ኤልኢዲዎቹ ለምን ወይ ሁሉም ይበራሉ ወይ ሁሉም ይጠፋሉ

ሎግ አምፕ ማለት ኢንፑቱ 10 እጥፍ ባደገ ቁጥር አውትፑቱን በእኩል ቮልት ብቻ የሚቀይር፣ ዲሲብልን እኩል ደረጃ የሚያደርግ ሰርኪውት ነው። ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ለሚክሰሬ አውትፑት 10 ኤልኢዲ ያለው ሌቨል ማሳያ እየሰራሁ ነው። ቲኤል072 (ሁለት ኦፕ አምፕ፣ ማለትም ማጉያ፣ ያለው ቺፕ) ላይ አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ ፊድባክ ውስጥ (ከአውትፑት ወደ ኢንፑት በሚመለሰው መንገድ) አስገብቼ ሎግ አምፕ ሰራሁ፣ ኦዲዮውን በ10 ኪሎ ኦም ቀጥታ አስገባሁት፣ ከኋላው ሬዚስተርና ኮንደንሰር ፊልተር አድርጌ ወደ ኤልኢዲዎቹ። ሰፕላዩ ፕላስ ማይነስ 12 ነው። ድምፅ ሲመጣ ትንሽም ይሁን ትልቅ ሁሉም ይበራሉ፣ ዝም ሲል ደሞ አንዱ ቻናል ይጠፋል ሌላኛው ግን እንደበራ ይቀራል። ዳዮዱን ለብቻው በዲሲ ስሞክረው ይሰራል ግን ጠዋት ያስተካከልኩት ከሰዓት ይዛነፋል። ጋሼ ምኑ ጋ ነው የሳትኩት? ወይስ ዝም ብዬ ኤልኤም3915 (10 ኤልኢዲ በደረጃ የሚያበራ ዝግጁ ቺፕ) ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ምልክቶቹን በደንብ ስለጻፍካቸው ቦርዱን ሳላየው ምን እየሆነ እንደሆነ ልነግርህ እችላለሁ። ሎግ አምፑ ራሱ ሰው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። ስራውን የሚያበላሸው ከሎጉ በፊት ያለው ነገር ነው፣ ማለትም ለሎጉ ምን ሰጠኸው የሚለው፣ ቀጥሎ ደሞ ሙቀት። አንተን ሁለቱም አግኝተውሃል።

መጀመሪያ ሁሉም የሚበሩበትን ልንገርህ። ኦዲዮ ኤሲ ነው፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል፣ ዳዮድህ ግን አንድ ብቻ ነው። ኢንፑቱ ፖዘቲቭ ሲሆን ከረንቱ በዳዮዱ ያልፋል፣ አውትፑቱ ማይነስ 0.6 ቮልት አካባቢ ይቀመጣል፣ እዚህ ድረስ ሎግህ ልክ ነው። ኢንፑቱ ኔጌቲቭ ሲሆን ግን ዳዮዱ ይዘጋል፣ ፊድባክ የሚባል ነገር የለም፣ ኦፕ አምፑ የሚይዘው ስለሌለ እስከ ሰፕላዩ ጫፍ ይሮጣል፣ ወደ 11 ቮልት አካባቢ ማለት ነው። ስለዚህ ድምፁ ሹክሹክታም ይሁን ጩኸት ግማሹን ጊዜ 11 ቮልት፣ ግማሹን ጊዜ ማይነስ 0.6 ይሆናል፣ ፊልተርህ አቨሬጅ ሲያደርገው ሁሌ ወደ 5 ቮልት ይመጣል። ኤልኢዲዎቹ ያዩት እሱን 5 ቮልት ነው፣ ድምፁን አይደለም። ዝም ሲል አንዱ ቻናል በርቶ የሚቀረው ደሞ ከኦፕ አምፑ ኦፍሴት ነው፣ ማለትም ሲግናል ሳይኖር ራሱ ከሚጨምረው ትንሽ የስህተት ቮልቴጅ። ቲኤል072 ውስጥ ታይፒካል 3 ሚሊቮልት ኦፍሴት አለ፣ አንዱ ቺፕ ላይ ፕላስ ሌላው ላይ ማይነስ ሊሆን ይችላል፣ ሲግናል ከሌለ ሎጉ የሚያየው እሱን ብቻ ስለሆነ በምልክቱ መሰረት ወይ ከታች ይቀመጣል ወይ ጫፍ ድረስ ይሮጣል። ቺፑ አልተቃጠለም፣ አትጣለው።

ሙቀቱን ደሞ ራስህ በጣትህ ማየት ትችላለህ። ዲሲ 0.5 ቮልት ስጠውና አውትፑቱ ላይ መልቲሜትር አድርግ፣ ከዛ ዳዮዱን በሁለት ጣትህ ያዘው። ቁጥሩ ስታየው መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ስትለቀው ቀስ ብሎ ይመለሳል። ሲሊከን ጀንክሽን ላይ ያለው ቮልቴጅ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 2 ሚሊቮልት ይወርዳል። ይሄ ትንሽ ይመስላል ግን አንተ የምትፈልገው ሲግናልም ትንሽ ነው፦ ጥሩ ትራንዚስተር በ25 ዲግሪ ከረንቱ 10 እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 59 ሚሊቮልት ብቻ ነው፣ 10 እጥፍ 20 ዲሲብል ስለሆነ ለአንድ ዲሲብል 3 ሚሊቮልት እንኳን አይሞላም። ክፍሉ በ10 ዲግሪ ከሞቀ 20 ሚሊቮልት ተዛነፈ፣ ወደ 7 ዲሲብል ማለት ነው። 1ኤን4148 ለ10 እጥፍ 100 ሚሊቮልትና ከዛ በላይ ስለሚሰጥ ስህተቱ በዲሲብል ሲቆጠር ያንሳል፣ ግን እሱም መስመሩ ቀጥ አይልም፣ ከፍ ሲል ይጎብጣል። ጠዋት 14 ዲግሪ የነበረ ክፍል ከሰዓት ቆርቆሮ ስር 26 ከሆነ አንድ ወይ ሁለት ኤልኢዲ መዛነፉ የግድ ነው፣ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ፊዚክሱ ነው።

አሁን ወደ ኤልኤም3915 ጥያቄህ። እውነቱን ልንገርህ፣ 30 ዲሲብል ከበቃህ እሱን ተጠቀም። ውስጡ ያለው የሬዚስተር መሰላል ራሱ በሎግ የተከፋፈለ ነው፣ ከኤልኢዲ ኤልኢዲ 3 ዲሲብል። ፒን 6 እና 7ን አገናኝተህ ፒን 4 እና 8ን ግራውንድ ካደረግክ የላይኛው ኤልኢዲ በ1.25 ቮልት ይበራል፣ የታችኛው በ56 ሚሊቮልት ገደማ። ከፒን 7 ወደ ግራውንድ 1.2 ኪሎ ኦም አድርግ፣ የኤልኢዲ ከረንቱን የሚወስነው እሱ ነው። ዶት (አንድ ኤልኢዲ ብቻ የሚበራበት) ወይ ባር (ከታች ጀምሮ ሁሉም የሚበሩበት) የሚመረጠው በፒን 9 ነው። ለሰርግ ድንኳን ሳውንድ፣ ለመዘምራን ሚክሰር፣ ክሊፕ እንዳያደርግ (ድምፁ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ጫፉ እንዳይቆረጥ) ብቻ ለሚያይ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ግን ለሱም ቢሆን ከታች የምጽፍልህን ሬክቲፋየር (ኔጌቲቩን ግማሽ ወደ ፖዘቲቭ የሚገለብጠውን) ማድረግህ አይቀርም፣ ምክንያቱም ተራ ዳዮድ ከፊቱ ብታደርግ 0.6 ቮልቱን ዳዮዱ ይበላውና ድምፁ ትንሽ ሲሆን የታችኞቹ ኤልኢዲዎች ጭራሽ አይበሩም።

የራስህን ሎግ አምፕ መስራት የሚያዋጣው 40 ዲሲብልና ከዛ በላይ ስትፈልግ፣ ወይ ስቴፑን ራስህ መምረጥ ስትፈልግ፣ ወይ መርፌ ያለው ሜትር ላይ እኩል የተከፋፈለ የዲሲብል ስኬል ማየት ስትፈልግ፣ ወይ አርዱዊኖ ልትሰጠው ስታስብ ነው። አርዱዊኖውን ያነሳሁት ብዙ ሰው «ሎጉን በሶፍትዌር እሰራዋለሁ» ስለሚል ነው። ይቻላል፣ ግን 10 ቢት ኤዲሲ (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) በ5 ቮልት አንድ ስቴፑ 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው፣ ከላይኛው በ60 ዲሲብል ዝቅ ስትል ያለህ አንድ ስቴፕ ብቻ ነው፣ አለ ወይ የለም። ከፊቱ ሎግ አምፕ ካለ ግን ከላይም ከታችም ለእያንዳንዱ ዲሲብል እኩል 10 ስቴፕ ታገኛለህ።

ቦርድ ላይ ከመቀመጥህ በፊት ስንት ዲሲብል እንደምትፈልግ ወስን። እኔ 40 ነው የምመክርህ። ከላይ 5 ቮልት ፒክ ብናደርግ 40 ዲሲብል ዝቅ ሲል 50 ሚሊቮልት ነው፣ ከ3 ሚሊቮልት ኦፍሴት በደንብ የራቀ። 60 ብትል ግን 5 ሚሊቮልት ላይ ትደርሳለህ፣ ኦፍሴቱ ራሱ ሲግናሉን ያክላል፣ እያንዳንዱን ኦፕ አምፕ ማስተካከል ወይ ውድ ቺፕ መግዛት ሊኖርብህ ነው። ለማሳያ ያን ያህል አያስፈልግም። 5 ቮልት ፒክ የመረጥኩት ደሞ የፕሮፌሽናል ሚክሰር ኖሚናል ሌቨል ፕላስ 4 ዲቢዩ፣ 1.23 ቮልት አርኤምኤስ፣ ፒኩ 1.74 ቮልት ስለሆነ ነው፣ ስለዚህ ኖሚናሉ ከላይኛው ኤልኢዲ 9 ዲሲብል ዝቅ ብሎ ይውላል፣ ለዘፈን ጥሩ ክፍተት ነው። የቤት እቃ፣ ማይነስ 10 ዲቢቪ የሚሰጥ ከሆነ ግን ኢንፑት ላይ ወደ 4 እጥፍ ጌይን ጨምር።

በየቻናሉ ሁለት ቲኤል074 ይበቃል፣ 8 ኦፕ አምፕ ነው፣ ሁሉም ስራ አላቸው።

አንደኛው ባፈር (ሲግናሉን ሳይቀይር፣ ምንጩን ሳይጭን የሚያሳልፍ) ነው፣ በ1 ማይክሮ ፋራድና በ100 ኪሎ ኦም አስገባው። ሁለተኛውና ሶስተኛው ፕሪሲዥን ፉል ዌቭ ሬክቲፋየር ናቸው፣ የታወቀው ሰርኪውት፦ የመጀመሪያው ሁለት ዳዮድ ይዞ ግማሹን ይገለብጣል፣ ሁለተኛው ከኦሪጂናሉ ጋር 1 ለ 2 ይደምረዋል። ሬዚስተሮቹ ሁሉም 10 ኪሎ ናቸው፣ 5 ኪሎ የሚፈልገው ቦታ ላይ ሁለት 10 ኪሎ ፓራለል አድርግ፣ ከአንድ ካርቶን የወጡ 1 ፐርሰንት ይሁኑ። የዳዮዶቹን አቅጣጫ ደጋግመህ እይ፣ አውትፑቱ ሁሌ ፖዘቲቭ መሆን አለበት።

አራተኛው ፒክ ያዥ ነው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ማሳያው ለአይን ደስ የሚለው ወይ የሚያስጠላው እዚህ ነው። ኦፕ አምፕ፣ ዳዮድ፣ ከዳዮዱ ቀጥሎ 2.2 ኪሎ፣ ከዛ 1 ማይክሮ ፋራድ ፊልም ኮንደንሰር ወደ ግራውንድ፣ ከኮንደንሰሩ ጋር ፓራለል 750 ኪሎ። ፊድባኩን ከዳዮዱ በኋላ ከ2.2 ኪሎው በፊት ውሰድ፣ እንደዛ ሲሆን የዳዮዱ 0.6 ይጠፋል፣ ማሳያው ወደ ላይ የሚወጣበት ፍጥነት ግን በ2.2 ኪሎው ይወሰናል። አምስተኛው ኦፕ አምፕ የኮንደንሰሩ ባፈር ነው፣ ቀጥታ ወደ ሎጉ ብትሰጠው የሎጉ 10 ኪሎ ኮንደንሰሩን ወዲያው ያራግፈዋል።

750 ኪሎ ከየት መጣ? ኮንደንሰር በሬዚስተር ሲራገፍ ኤክስፖነንሻል ነው የሚወርደው፣ ኤክስፖነንሻልን ሎግ ስታደርገው ደሞ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፣ በአንድ ታይም ኮንስታንት 8.7 ዲሲብል ይወርዳል። ሎግ አምፕ ስሰራ ከሁሉም ደስ የሚለኝ ነገር ይሄ ነው፣ ኤልኢዲዎቹ ሲወርዱ እኩል እኩል፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ነው የሚወርዱት። የአውሮፓ ፒክ ሜትር ስታንዳርድ አንደኛው አይነት 20 ዲሲብሉን በ1.7 ሰከንድ ይወርዳል፣ 1.7ን ለ2.3 ስታካፍል 0.74 ሰከንድ ታይም ኮንስታንት ይመጣል፣ 1 ማይክሮ በ750 ኪሎ ማለት እሱ ነው። ፊልተርን ከሎግ በኋላ ካደረግከው ይሄ ሁሉ ይጠፋል፣ አቨሬጅ የምታደርገው ድምፁን ሳይሆን የድምፁን ሎግ ይሆናል፣ ሲግናሉ በዜሮ ባለፈ ቁጥር ሎጉ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ሜትሩ ሁሌ አሳንሶ ነው የሚያነበው። የቪዩ ሜትር ስሜት ከፈለግክ፣ ማለትም በ1939 እ.ኤ.አ ቤል ላብስ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ሆኖ ያወጣውን አይነት፣ እሱ ወደ ላይም ወደ ታችም በ300 ሚሊሰከንድ ነው የሚሄደው፣ ፒክ አይዝም፣ ዳዮዱን አውጥተህ ተራ ፊልተር ታደርገዋለህ። ለክሊፕ መጠበቂያ ግን ፒኩ ይሻልሃል፣ የከበሮ ምት ቪዩ ሜትር ላይ ሳይታይ ያልፋል።

ስድስተኛውና ሰባተኛው ሎጉ ናቸው። ዳዮድህን ተወውና ሁለት ኤንፒኤን ትራንዚስተር ተጠቀም፣ አንዱ ሲግናሉን ሌላው ሪፈረንሱን ይይዛል፣ ሁለቱ እኩል ሲሞቁ መዛነፉ እርስ በርሱ ይጣፋል። ከባፈሩ በ10 ኪሎ ወደ ስድስተኛው ኦፕ አምፕ ማይነስ እግር ትገባለህ፣ ፕላስ እግሩ ግራውንድ። የመጀመሪያው ትራንዚስተር ኮሌክተር እዛው ማይነስ እግር ላይ፣ ቤዙ ግራውንድ። የሁለቱ ትራንዚስተሮች ኤሚተር አንድ ላይ ተያይዞ በ2 ኪሎ ወደ ስድስተኛው ኦፕ አምፕ አውትፑት። ከአውትፑቱ ወደ ማይነስ እግሩ 100 ፒኮ ፋራድ። ከኤሚተሮቹ ወደ ግራውንድ አንድ 1ኤን4148፣ መስመር ያለበት ጫፉ ግራውንድ ላይ፣ ይሄን እንዳትረሳው፣ ኦፕ አምፑ አንዴ ወደ ፕላስ ከሮጠ የትራንዚስተሩን ቤዝ ኤሚተር በተቃራኒ ሰብሮ ያበላሸዋል፣ ከዛ በኋላ ጥንዱ ጥንድ አይሆንም።

የሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር ከፕላስ 12 በ24 ኪሎ፣ 22 ኪሎ ከ5 ኪሎ ትሪመር (እየዞረ የሚስተካከል ትንሽ ሬዚስተር) ጋር አድርገው፣ 500 ማይክሮ አምፒር ይወስዳል፣ ያ ኮሌክተር የሰባተኛው ኦፕ አምፕ ፕላስ እግር ላይ ይገባል። አዎ ፕላስ እግር ላይ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፣ ኦፕ አምፕ ፊድባክ ሁሌ ማይነስ ላይ ነው ብሎ፣ ግን ትራንዚስተሩ ራሱ አንዴ ስለሚገለብጥ ማይነስ ላይ ካስገባኸው ሰርኪውቱ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከሰባተኛው አውትፑት በ15 ኪሎና 2 ኪሎ ትሪመር ወደ ሁለተኛው ቤዝ፣ ከቤዙ ወደ ግራውንድ 1 ኪሎ። ጌይኑ 17 እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ 59 ሚሊቮልቱ 1 ቮልት ይሆናል፣ ለአንድ ዲሲብል 50 ሚሊቮልት። ኦሲሌት እንዳያደርግ የሰባተኛውን ማይነስ እግር በ10 ኪሎ ግራውንድ አድርገህ ከአውትፑቱ ወደዛ እግር 1 ናኖ ፋራድ፣ ከኮሌክተሩ ወደ ግራውንድ ደሞ 470 ፒኮ አስገባ።

አንድ ተጨማሪ፣ ከፕላስ 12 በ22 ሜጋ ኦም ወደ ስድስተኛው ማይነስ እግር። ግማሽ ማይክሮ አምፒር ብቻ ነው፣ ግን ዝም ሲል ሎጉ የሚቆምበት ወለል ይሰጠዋል፣ ማይነስ 59 ዲሲብል አካባቢ። ያ በርቶ የሚቀረው ቻናልህ ችግር በዚህ ይፈታል። ዋጋው ማይነስ 40 ላይ 0.9 ዲሲብል ከፍ አድርጎ ማንበቡ ነው፣ ለኤልኢዲ አይታይም።

አውትፑቱ አሁን ተገልብጧል፣ 5 ቮልት ሲገባ 0፣ በ40 ዲሲብል ዝቅ ሲል ፕላስ 2 ቮልት። ሆን ብዬ ነው ሪፈረንሱን ከላይኛው ጫፍ ጋር ያስተካከልኩት፦ ሲግናልና ሪፈረንስ እኩል ሲሆኑ የሙቀት ስህተቱ ዜሮ ነው፣ ከሱ በራቅክ ቁጥር ያድጋል። የሚቀረው ስህተት የስሎፑ ነው፣ በዲግሪ 0.33 ፐርሰንት፣ በ10 ዲግሪ ታች ማይነስ 40 ላይ 1.3 ዲሲብል ይሆናል፣ ቀዩ ኤልኢዲ ጋ ግን ምንም። ትክክለኛ እንዲሆን የምትፈልገው ቀዩን ነው። እሱም ካስጨነቀህ 1 ኪሎዋን በዲግሪ ፕላስ 3300 ፒፒኤም በሆነ ሬዚስተር ቀይራትና ከትራንዚስተሮቹ ጋር አጣብቃት፣ እኔ ግን ለማሳያ ብዬ አልለፋበትም።

ስምንተኛው ገልባጭ ነው፦ 10 ኪሎ በ10 ኪሎ፣ ፕላስ እግሩ 1 ቮልት ላይ፣ ከ12 ቮልት በ11 ኪሎና 1 ኪሎ ታወጣዋለህ። አሁን ከ0 እስከ 2 ቮልት የሚወጣ ሲግናል አለህ፣ ይሄን ለኤልኤም3914 ስጠው። 3915 አይደለም፣ 3914፣ ቀጥተኛ የሆነው፣ ሎጉን ስለሰራኸው ደግመህ ሎግ ማድረግ የለብህም። ከፒን 7 ወደ ፒን 8 1.2 ኪሎ፣ ከፒን 8 ወደ ግራውንድ 680 ኦም፣ ፒን 6 ከ7 ጋር፣ ፒን 4 ግራውንድ፣ ሪፈረንሱ 2 ቮልት ይሆናል። ኤልኢዲዎቹ በየ4 ዲሲብሉ ከማይነስ 36 እስከ 0 ይበራሉ፣ በያንዳንዳቸው 12 ሚሊአምፒር ገደማ። ባር ካደረግከው የኤልኢዲዎቹን ፕላስ ከ5 ቮልት ስጥ እንጂ ከ12 አትስጥ፣ 10ሩ ሲበሩ ከ12 ቺፑ ላይ ከ1 ዋት በላይ ይቃጠላል።

ጥንድ ትራንዚስተር ከየት አመጣለሁ እንዳትለኝ። ኤስኤስኤም2212 ካገኘህ ጥሩ፣ የድሮው ሲኤ3046 ውስጥም ጥንድ አለ። ካልሆነ ከአንድ ሪባን ላይ 10 ቢሲ547 ግዛና ራስህ ምረጥ፦ ቤዝና ኮሌክተሩን አገናኝ፣ ከ12 ቮልት በ120 ኪሎ ስጠው፣ ኤሚተሩ ግራውንድ፣ ሚሊቮልቱን ጻፍ። ስትሰካው በጣትህ ስለሞቀ ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ጠብቅ፣ ፒንሴት ካለህ በሱ ያዝ፣ ትንፋሽህም ያንቀሳቅሰዋል። 1 ሚሊቮልት ውስጥ ያሉ ሁለት ስታገኝ ጠፍጣፋ ጎናቸውን ለጎን በሱፐር ግሉ አጣብቅ፣ ከላይ ሽሪንክ አልብሳቸው፣ ከሬጉሌተሩ አርቀህ ቦርዱ ጥግ ላይ ትከላቸው። የሚቀረውን የአንድ ሚሊቮልት ልዩነት ትሪመሩ ያስተካክለዋል።

ማስተካከያው ኦዲዮ አይፈልግም። የሎጉን 10 ኪሎ ከባፈሩ አላቅቀህ ዲሲ ስጠው፣ ቮልቴጁን እዛው ሬዚስተሩ ጫፍ ላይ ለካ። 5.00 ቮልት ስትሰጥ የሰባተኛው አውትፑት 0 እስኪሆን የ5 ኪሎውን ትሪመር አዙር። 0.500 ስትሰጥ 1.00 ቮልት እስኪሆን የ2 ኪሎውን። ከዛ 0.050 ስጥና ምንም ሳትነካ አንብብ። በ22 ሜጋው ምክንያት 1.95 ገደማ ታገኛለህ፣ እሱ ትክክል ነው። ከ1.90 በታች ወይ ከ2.00 በላይ ከሆነ ሎጉ ሳይሆን የስድስተኛው ኦፕ አምፕ ኦፍሴት ነው፣ ቺፑን ቀይረህ እይ፣ ሶኬት ላይ አድርገው ያልኩህ ለዚህ እንዲሆን ነው፣ ካላልኩህም አሁን አልኩህ። 5 ቮልቱ እሺ ብሎ 0.5ቱ አልስተካከል ካለህ ደሞ መጀመሪያ የሁለተኛውን ቤዝ ብየዳ እይ።

ሶስቱን ቁጥሮች ስታገኝ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ቦርዱን ሳላይ ከነሱ ብቻ የት እንዳለህ እነግርሃለሁ።